የመርዶ መጋረጃ

ቁርስ ላይ አምስቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። መካኒኩ ሞላልኝ ገንፎውን በማንኪያ እያገላበጠ፣ ይሄ ገንፎ የመርከቧን ግድግዳ ለመድፈን ቢውል አየር አይሾልክም ነበር ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡ ከንፈሩ ጋ ሳይደርስ ሌሎቹ አራቱ ጋ ደረሰ። ሐኪሟ ሉባባን ሻይ ትን አላት። ካፒቴኑ ጋሽ ቢራቱ ለክብራቸው ሲሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለስ አደረጉ፤ በሆዳቸው መሳቃቸውን ግን ማንም አላጣውም።

ሰጎን ላይ ኑሮ እንዲህ ነበር። ሰጎን በሳተርን ቀለበት ውስጥ የሚንሳፈፈውን በረዶ እየቆረጠች ማርስ ላይ ለሰፈሩ ሰዎች ውሃ የምታደርስ መርከብ ናት። ከባድና ዘገምተኛ ስለሆነች፣ ክንፍ እያላት የማትበረው ወፍ ስም የተሰጣት ለስድብ ነው የሚሉ አሉ። ጋሽ ቢራቱ እንዲህ ያለ ሐሳብ ከማንኛቸውም ሽው ካለባቸው ይቆጣሉ። ሰጎን እንቁላሏን የምትጠብቀው ዓይኗን ሳትነቅል እያየች ነው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ እንቁላሏ የሚሰካውም ለዚሁ ምሳሌ ነው ባይ ናቸው።

በእያንዳንዳቸው ጆሮ ጀርባ፣ ከቆዳ ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ተቀብራለች። የፋብሪካ ስሟ «የኅሊና አገናኝ» ነው። እነሱ ግን ጨሌ ይሏታል። ስሙን ያወጣው ሞላልኝ ነው፦ «የቅድመ አያቴ ጨሌ ከዛር ጋር ታገናኛት ነበር፤ የኔዋ ከናንተ ጋር ታገናኘኛለች። ዛሩ ሳይሻል አይቀርም።» አንዱ ያወቀውን ሌላው ያውቀዋል፤ አንዱን ያመመው ለሌላው ይሰማዋል። መፍቻ የሚፈልግ ሰው መፍቻ አቀብሉኝ አይልም። እጁን ሲዘረጋ መፍቻው መዳፉ ላይ ነው። አፍ ለገንፎ ብቻ ከቀረ ቆየ።

ናሁሰናይ የጨሌዎቹ ቴክኒሻን ነው። በመርከቧ ውስጥ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ቢኖር እሱ ነው። ሥራ ሲፈታ ከወጥ ቤት እስከ መጋዘን፣ ከመጋዘን እስከ ትልቁ መስኮት ይንጎራደዳል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቀለበቱን እያየ ቁሞ ያልማል፤ የሚያልመውን አራቱም እያወቁበት መሆኑ ትዝ ሲለው አፍሮ ይመለሳል።

አንድ ሰው ብቻ አልፎ አልፎ ድምፅ ታወጣ ነበር። ሽታዬ። ከመርከቧ ወገብ የሚወጣውን ረጅም የብረት ክንድ፣ ጫፉ ላይ በረዶ የሚቆርጥ ጨረር ያለውን፣ የምትነዳው እሷ ናት። ክንዱን ከማንቀሳቀሷ በፊት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን መያዙን በጨሌዋ እያወቀች እንኳ፣ ጉሮሮዋን ትጠርግና ትጣራለች፦

«ሐይቅ! ደሴ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው! ግቡ ግቡ ግቡ!»

ጥሪው የወንድሟ የአበጋዝ ነው። አባትና እናታቸው ሞተውባቸው እሷን ያሳደጋት እሱ ነው፤ አውቶቡስ ላይ ረዳት ሆኖ። በዚያ ዘመን አውቶቡሶች ሹፌር የላቸውም። ራሳቸው ይነዳሉ፣ ራሳቸው ይቆማሉ። ረዳት ግን አልቀረም። ማስቀረት ተሞክሮ ነበር፤ አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ደሴ ደርሰው ባዶአቸውን ተመለሱ። ሰዉ ሰሌዳውን አንብቦ፣ ሰዓቱን አውቆ፣ በሩ ተከፍቶለት እያየ፣ የሚጠራው ሰው ካላገኘ አልሳፈርም አለ። ስለዚህ አበጋዝ በር ላይ እየቆመ ሲጣራ ዕድሜውን ፈጀ። ለእህቱ የሚልካቸው መልእክቶችም የሚጀምሩት «ሳተርን! ሳተርን! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ነበር።

የአበጋዝ ሞት የተሰማው ሽታዬ ተኝታ ሳለች ነው።

ከምድር የሚመጣ ማንኛውም ዜና ወደ አምስቱም ጨሌዎች በአንድ ጊዜ ይገባል። መርዶ ግን አይገባም። ጨሌው መጀመሪያ ሲሠራ ይሄ ልዩነት አልነበረውም፤ ሰጎን ላይ ከመገጠሙ በፊት አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት መሐንዲሶች ናቸው ሙግት የገጠሙት። ሰው ወንድሙ መሞቱን እንደ ሙቀት መለኪያ ቁጥር በጆሮው ጀርባ ይስማ? በሥራ መሃል? ብቻውን? ስለዚህ «መጋረጃ» የሚሉትን ጨመሩበት። መጋረጃው መርዶውን ለባልደረቦች ይነግርና ከባለ ሐዘኑ ይሸፍነዋል፤ እስኪነጋ። ሲነጋ ባልደረቦቹ ተሰብስበው ሄደው፣ እንደ ወጉ፣ በአፋቸው ይነግሩታል። መጋረጃውም በዚያው ይወድቃል።

አራቱ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰቡ። የተነጋገሩት በጨሌ ነው። በቃል ቢገለበጥ ይሄን ይመስላል፦

«ነገ ጠዋት እንንገራት» አለች ሉባባ።

ጋሽ ቢራቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገ ትልቁን በረዶ እንጀምራለን። ከሷ በቀር ክንዱን እንደዚያ የሚነዳ የለም። ጨርሰን እንንገራት። ማርስ ላይ ሕፃናት ሳይቀር ውሃ እየተሰፈረላቸው ነው።»

«ወላሂ ልክ አይደለም ጋሽ ቢራቱ። መርዶ ቀጠሮ ይሰጠዋል?»

«ይሰጠዋል እንጂ» አለ ሞላልኝ። «እኔ ራሴ አባቴ ሲሞት ማትሪክ ላይ ነበርኩ። ፈተናውን ይጨርስ ብለው ደበቁኝ።»

«ከዚያስ?»

«ወደቅኩ። ሰፈሩ ሁሉ ድንገት ተነስቶ ዶሮ በዶሮ ሲያደርገኝ ነገሩ ገባኝ፤ ከዚያ ምን ላጥና?»

በሐዘን መሃል ሳቅ መጣና አፈኑት።  ሽታዬ የናሁሰናይ የፈረቃ ጓደኛ ናት። መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲያልም ያላሾፈችበት እሷ ብቻ ናት፤ አንድ ቀን አጠገቡ መጥታ ቆማ እሷም አብራው አልማለች። ንገሩ ብሎ መናገር ነበረበት። ዝም አለ። ጨሌ ባለበት ደግሞ ዝምታ እሺ ማለት ነው። መጋረጃው እንዲቆይ በገዛ እጁ አዘዘው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ገንፎው ያው ገንፎ ነው። ሞላልኝ የድርሻውን ቅቤ ወደ ሽታዬ ሳህን አሻገረ። ሉባባ ትከሻዋን ዳበስ አድርጋ አለፈች። ጋሽ ቢራቱ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በአፋቸው፣ «ብይ እንጂ የኔ ልጅ» አሉ። ሽታዬ በላች።

ያን ቀን በረዶው ሲጀመር ሽታዬ አልተጣራችም። ናሁሰናይ ልብ ብሎታል፤ ዛሬ አላሰኛትም ብሎ አለፈው።

ብልሽቱ በትንሽ በትንሹ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሽታዬ በቁርስ ቀልድ ከሌሎቹ ዘግይታ ሳቀች። ቀጥሎ ፈገግ ብቻ አለች። ከዚያ እነሱ ሲስቁ ቀና ብላ ምን ተገኘ በሚል ዓይን ትመለከታቸው ጀመር። ሉባባ መቀስ ፈልጋ እጇን ብትዘረጋ መዳፏ ባዶ ቀረ፤ ሽታዬ አጠገቧ ቆማ መቀሱን ይዛለች፣ መፈለጉን ግን አላወቀችም። በሌላ ቀን ጋሽ ቢራቱ በመተላለፊያው ከሽታዬ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጩ። ሰጎን ላይ ሰው ከሰው ተጋጭቶ አያውቅም።

ናሁሰናይ መሣሪያዎቹን ተሸክሞ መርከቧን ላይ ታች አላት። የሽታዬን ጨሌ መረመረ። ደህና ነው። የሌሎቹን መረመረ። ደህና ናቸው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ መልሶ ገጠመ። እንቅልፉ ተቆራረጠ፤ ምግብ አልበላ አለው፤ መስኮቱ ጋ መቆም እንኳ አቃተው። በመጨረሻ መጋረጃውን ከፍቶ በሰሌዳው ላይ ሲያየው ደነገጠ።

መጋረጃው አድጓል። ልክ ወረቀት ላይ ጠብ እንዳለ ዘይት ዳር ዳሩን እየበላ ተስፋፍቷል። መጀመሪያ የሸፈነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የአበጋዝን ሞት። ነገር ግን ሞላልኝ ስለ ወንድም ባሰበ ቁጥር ሐሳቡ ወደ መርዶው ያመራል፤ ስለዚህ «ወንድም» የሚለው ተሸፈነ። ከዚያ ኮምቦልቻ ተሸፈነ። አውቶቡስ፣ አገር ቤት፣ መልእክት። ሉባባ ሽታዬን ባየች ቁጥር ታዝንላታለች፤ እሱም ወደ መርዶው መንገድ ነውና ርኅራኄዋ ተሸፈነ። እያለ እያለ ከአራቱ ወደ ሽታዬ የሚሄደው ነገር ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ቀረ። ሽታዬ መርከቧ ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

ያልገባው አንድ ነገር ነበር። መጋረጃው በአራቱ ሰዎች ኅሊና ላይ ነው የሚሰቀለው፤ አራት ችንካር ብቻ ነው ሊኖረው የሚገባ። ሰሌዳው ግን አምስት ያሳያል። አምስተኛው ከሁሉም አጥብቆ ይዟል። ናሁሰናይ ሰሌዳው ተበላሽቷል ብሎ ደጋግሞ አጠፋው፣ ደጋግሞ አበራው። አምስት። የሰሌዳ ስሕተት ነው ብሎ ተወው።

በዚያው ፈረቃ ሞላልኝ ከውጭ፣ በጠፈር ልብሱ፣ በረዶው ላይ ካስማ ሲመታ፣ ክንዱ ያለ ጥሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ዞረ። ቤት የሚያህል የበረዶ ቁራጭ ተገንጥሎ የመሣሪያ ሣጥኑን ከጎኑ አነሳውና አደቀቀው። ሞላልኝ ወደ ኋላ የዘለለው ጥላው ስለመጣበት ብቻ ነው።

ተጎትቶ ሲገባ ራስ ቁሩን አውልቆ ወለሉ ላይ ወረወረው። ከዚያ፣ ስንት ጊዜ ሥራ የፈታው አፉ ተከፈተ፤ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ።

«ልትጨርሺኝ ነበር እኮ! አንቺ ልጅ፣ ልትጨርሺኝ!»

ሽታዬ ከክንዱ መቀመጫ ላይ አልተነሳችም። «አልተሰማኸኝም» አለች። «እኔ ልሙት፣ እውነቴን ነው ሞላልኝ። እዚያ መኖርህ አልተሰማኝም። ማናችሁም አትሰሙኝም።»

«ታዲያ ለምን አትጣሪም? ድሮ ትጣሪ አልነበር?»

 ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ጋሽ ቢራቱ ናሁሰናይን ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ጠሩት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አንሳው» አሉት።

«ምኑን ጋሼ?»

«መጋረጃውን ነዋ! አሁኑኑ አንሳው። ታውቀው። ሰው ልንገድል ነው።»

ናሁሰናይ ሰሌዳውን ከፈተው። አንድ ጣት ማስነካት ነው የሚበቃው። መጋረጃው ይወርዳል፤ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ሽታዬ ወንድሟ እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ፣ አራቱም ከሷ ደብቀው ገንፎ ሲበሉ እንደከረሙ፣ ሁሉንም ታውቀዋለች። ጣቱን አስጠጋ። በዓይነ ኅሊናው ክፍሏ ታየው፤ ጠባብ አልጋ፣ የተዘጋ በር፣ እና ድንገት ሁሉን ያወቀች ብቸኛ ሴት። ጣቱን መለሰ።

«አልችልም።»

«እንዴት አትችልም? ተበላሽቷል?»

«እኔ ነኝ የማልችለው። ጋሼ፣ ይሄ እኮ መንገር አይደለም። ሰው ላይ በር ከፍቶ ውሃ መድፋት ነው። ያን ለታ ራሴ ዝም ስላልኩ ነው እዚህ የደረስነው፤ አሁን ደግሞ ማሽኑ ይንገርልኝ ልበል?»

  ጋሽ ቢራቱ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና በእጃቸው ፊታቸውን አሹ።

«እሺ። ክንዱ አይነካ። ውሃውም ይቆያቸው። ሲነጋ እንነግራታለን።»

«ማን ይናገራል?»

«ሽማግሌ ነኝ አይደል? እኔ ነኛ» አሉ፤ ቀጥሎም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ምን ተብሎ ነው የሚጀመረው ልጄ?»

አራቱ መጋዘን ውስጥ ተለማመዱ። ይሄ ነገር በጨሌ አይለመድም፤ በአፍ ነው። ጋሽ ቢራቱ ተነስተው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ «እንግዲህ ሽታዬ፣ የሰው ልጅ...» ብለው ቆሙ።

«የሰው ልጅ ምን?» አለ ሞላልኝ።

«ቆይ እንጂ! እየመጣ ነው።»

«ስብሰባ የሚከፍቱ መሰሉ እኮ። በናንተ አገር እንዴት ነው የሚነገረው?»

«በኛ ዘንድ መጀመሪያ ስለ ከብቱ ይጠየቃል፣ ስለ ዝናቡ ይወራል። እያዋዙ ነው የሚደረስ።»

«ከብት የለን፣ ዝናብ የለን።»

«በረዶ አለ» አለች ሉባባ፣ ከልቧ ይሁን ለቀልድ ሳይታወቅ። «እኛ ቤት አባቴ ነበር የሚናገረው። ሲገባ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ሳይቀመጥ፣ ‹የአላህ ውሳኔ ነው› ይላል። ሌላ ሳይጨምር ይገባቸዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ ሽታዬ ስትወድቅ እደግፋታለሁ። ሞላልኝ በግራ ሁን።»

«ካልወደቀችስ?»

«ትወድቃለች።»

ናሁሰናይ በመደርደሪያዎቹ መሃል እየተንጎራደደ ያዳምጣቸው ነበር። ድምፃቸው አስገረመው። የጋሽ ቢራቱ ድምፅ መንቀጥቀጡን ረስቶት ነበር። ሉባባ ቃል ስትጀምር ትንሽ ትንፋሽ እንደምትስብ አያውቅም። ሰዎቹን በሐሳባቸው ከነጓዳቸው ሲያውቃቸው የኖረ ይመስለው ነበር፤ አሁን አፋቸውን ሲከፍቱ እንግዳ ሆኑበት፣ ደግሞም ቀረቡት።

ሰጎን ላይ ንጋት የለም። ፀሐይ ከዚያ ሆና ከኮከብ ብዙም አትሻልም። ናሁሰናይ የመተላለፊያውን መብራቶች ሁሉ አጠፋና ከሩቁ ጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ ፈዘዝ ያለ ቢጫ አድርጎ ያበራቸው ጀመር። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነውና ጎህ ሠራ። አራቱ በዚያ ብርሃን ውስጥ ተከታትለው ሄዱ። ሉባባ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ሞላልኝ አልቀለደም።

ጋሽ ቢራቱ በሩን አንኳኩ። «ሽታዬ፣ ልጄ። እኛ ነን።»

«ግቡ» አለች ከውስጥ።

በሩ ተከፈተ። ናሁሰናይ ከሁሉ ኋላ ነበርና በትከሻቸው መሃል ነው ያያት። ፍራሿን ከአልጋው አውርዳ ወለል ላይ ዘርግታዋለች። እሷ ዳሩ ላይ ተቀምጣለች፤ የቀረው ባዶ ነው፣ ለአራት ሰው የሚበቃ። ከአገር ቤት ያመጣቻትን ነጠላ ለብሳለች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ዞሯል፣ ሰው የሞተባት ሴት እንደምትለብሰው።

አምስተኛው ችንካር። እሷ ነበረች። ሰሌዳው አልተበላሸም ነበር። እነሱ ከወዲህ ሲደብቁ እሷም ከወዲያ ስትደብቅ፣ መጋረጃውን አምስቱም ከሁለት ወገን ይዘው ሲጎትቱት ነው የከረሙት።

«ተቀመጡ» አለች ሽታዬ። ተቀመጡ።

ጋሽ ቢራቱ ነጠላዋን አይተው አላዩ አይታወቅም። የተለማመዱትን ያዙ። «እንደምን አደርሽ? በረዶው... በረዶው ዘንድሮ ጠንካራ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ እንደ በረዶ...»  አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን የለም። እጃቸውን ዘርግተው የናሁሰናይን ክንድ ያዙ። «አንተ» አሉት። «አንተ ንገራት።»

ናሁሰናይ ወደ ሽታዬ ዞረ። ዓይኖቿ ደርቀው ይጠብቁታል። እንደምታውቅ ያውቃል። እንደሚያውቅም አወቀች። ይሄን ለማወቅ ማናቸውም ጨሌ አላስፈለጋቸውም። ታዲያ ምን የሚነገር ቀረ? ዝም ብሎ ቢያቅፋትስ? አይሆንም። ዓይኗ አይሆንም ይላል።

«ንገረኝ» አለች።

«ሽታዬ» አለ። ድምፁ ለራሱ ሩቅ ነበር። «ወንድምሽ አርፏል። አበጋዝ አርፏል። ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ደሴ ደሴ እያለ ሲጣራ ደረቱን ያዘውና ተቀመጠ። ውሃ አመጡለት። አልጠጣም። አውቶቡሱ ሰዓቱ ደርሶ በሩን ሊዘጋ ሲል አንድም ሰው አልተሳፈረም። ሁሉም እሱን ከበው ቆሙ። አውቶቡሱ ባዶውን ሄደ።»

ያኔ ነው የወደቀችው። ሉባባ ከኋላ ያዘቻት፣ ሞላልኝ በግራ። ጩኸቷ ጠባቧን ክፍል ሞልቶ፣ በመተላለፊያው አልፎ እስከ መጋዘን ተሰማ። «ወንድሜ! ወንድም ጋሼ! አንድ ሰው የቀረው ስትል እኔን ነው ወይ?» ጋሽ ቢራቱ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሞላልኝ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ሲነፈርቅ፣ ከአበጋዝ አልፎ የራሱን አባት፣ በዶሮ ታፍኖ የቀረውን ለቅሶ ጭምር እያወጣው እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

ትንሽ ጋብ ሲል ሉባባ ውሃ አጠጣቻት፣ ፊቷንም አጠበቻት። ሞላልኝ አፍንጫውን ጠርጎ በተዘጋ ድምፅ ጠየቃት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ቅቤህን የሰጠኸኝ ቀን።»

«ቅቤ?»

«ቅቤህን ሰጥተኸኝ ምንም አልቀለድክም። ሰው ሞቶብኛል አልኩ። ያለኝ ሰው ደግሞ አንድ ነው።»

ሞላልኝ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «እኔ ነኝ ጅሉ! በዶሮ የነቃሁ ሰው በቅቤ ላታልል?»

ሳቅ የሚመስል ነገር ከለቅሶው መሃል ሾልኮ ወጣ። ሽታዬም ተካፈለችው፤ ከሌሎቹ ሳትዘገይ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አላት ናሁሰናይ። ይሄን ጥያቄ ሳይጠይቅ መቀመጥ አልቻለም። «ካወቅሽው ለምን አላለቀስሽም? ለምን አልጮህሽብንም?»

ሽታዬ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እያጠቀለለች ቆየች።

«የራሱን መርዶ ራሱ የሚናገር ሰው አይተሃል? ብቻዬን አውቄው ምን ላድርገው? የት ላስቀምጠው? ሁልጊዜ ሲነጋ ፍራሼን አውርጄ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እቀመጥ ነበር። ዛሬ ይመጣሉ እላለሁ። የቁርስ ደወል ሲደወል ደግሞ መልሼ ፍራሹን አነሳለሁ። ልጣራ ስል ድምፁ የሱ ነው። ያልተለቀሰለት ሰው ድምፅ እንዴት አድርጌ ልጣራበት?» ቀና አለች። «መሞቱንማ አውቄያለሁ። አልነገራችሁኝም እንጂ።»



ናሁሰናይ የእጁ አንጓ ላይ ያሰራት ትንሿ ሰሌዳ ብልጭ አለች። መጋረጃው ወድቋል። ችንካሮቹ አምስቱም ተነቅለዋል። ከሥሩ ጨሌዎቹ የዚያን ማለዳ ሥራ ጠቅልለው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ሪፖርት አቅርበዋል፦ «ግንኙነቱ ተመልሷል። በሰዎቹ መካከል የተላለፈ አዲስ መረጃ የለም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ማሽኑ አልዋሸም። ወደዚህ ክፍል ሲገቡ አምስቱም የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ አሁንም ያንኑ ነው የሚያውቁት። ሰሌዳዋን ከአንጓው ፈትቶ በሩ አጠገብ፣ ከሉባባ ጫማ ጎን አስቀመጣት። እግሩ እንደ ልማዱ «ተነሳና ተንጎራደድ» አላለውም። በመተላለፊያው ውስጥ የሠራው ጎህ ሙሉ ቀን ሆኖ ነበር።

ሽታዬ ወደሱ ጠጋ ብላ ፍራሹ ላይ ተደላደለች።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ» አለችው። «መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ...»

ናሁሰናይ ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረላት።